መርከብ ላይ የተነፈሰው አቧራ ከ38 ዓመት በኋላ መጣበት፤ ቪኤ ይሻላል ወይስ ጠበቃ?

የታኮማዋ · ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

አባዬ በሱዳን አድርጎ አሜሪካ የገባው በ1983 ነው። በ1985 ግሪን ካርዱን ይዞ ባሕር ኃይል ተቀጠረ። ስምንት ዓመት አገልግሎ በ1993 ወጣ። ከዚያ ታክሲ፣ ከዚያ ፓርኪንግ። እኛ ልጆቹ የምናውቀው የፓርኪንጉን አባት ነው። የባሕር ኃይሉ አባት ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ነው፤ ነጭ ኮፍያ፣ ቀጭን አንገት።

ባለፈው ጥቅምት ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ሳንባው ዙሪያ ውኃ ቋጥሯል ተባለ። አንድ ሊትር ተኩል ቀዱለት። ኢትዮጵያዊ ነው ሲባሉ መጀመሪያ የጠረጠሩት ቲቢ ነው። ሦስቴ መረመሩት፣ ነፃ። ውኃው ግን ተመልሶ መጣ። «ሥራህ ምን ነበር?» ሲሉት «ፓርኪንግ» አለ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አዎ ፓርኪንግ አልኩ። በአራተኛው ቀጠሮ አንዲት ወጣት ሐኪም «ከዚያ በፊትስ?» አለችው። «ባሕር ኃይል፣ ቦይለር ክፍል» አለ፤ የመርከቡ እንፋሎት የሚፈላበት። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ናሙና ተወሰደ። ሜሶቴሊዮማ፣ የሳንባ ሽፋን ካንሰር። ከአስቤስቶስ ነው አሉን፤ ሙቀት እንዲይዝ ቧንቧ የሚጠቀለልበት የማዕድን ክር።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በሕግ ምን ማድረግ እንችላለን፤ ቪኤ (የቀድሞ ወታደሮችን የሚረዳው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) ይሻላል ወይስ ጠበቃ? ሁለተኛው ይከብደኛል። አባዬ «ያስጠለለኝን አገር ፍርድ ቤት አልገትርም፣ ወጭት ሰባሪ አታድርጉኝ» ብሏል። ምን ልበለው?

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነርስ · ሰኞ ማታ

አይዞሽ እህቴ። ምሕረቱን ያምጣላችሁ።

ቲቢ መጠርጠራቸው አይገርመኝም፤ የኛ ሰው ሳል ይዞ ሲመጣ ሁሌም መጀመሪያ እሱ ነው። አስቤስቶስ ግን ዝምተኛ ነው። ክሩ በዓይን አይታይም። ከተነፈሱት በኋላ ሳንባን በሸፈነችው ስስ ሽፋን ላይ ይሰካና ይቀመጣል። ሰውነት ሊያስወጣው አይችልም። 20፣ 30፣ 40 ዓመት ቆይቶ ነው የሚነሳው። ለዚህ ነው ሰው ከበሽታው ጋር የማያገናኘው።

አንድ ነገር ልጨምር። በምርመራ ወረቀቱ ላይ «የቀድሞ የባሕር ኃይል አባል፣ ለአስቤስቶስ የተጋለጠ» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዲገባ ሐኪሙን ጠይቂ። «ፓርኪንግ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ኋላ ያስቸግራል። ሕክምናውንም ሜሶቴሊዮማ አዘውትሮ የሚያይ ማዕከል ቢያየው ጥሩ ነው። ከ2020 ወዲህ ከኬሞ ሌላ የኢሚውኖቴራፒ (የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃ መድኃኒት) ጥምረት ተፈቅዷል፤ ለእሳቸው ይሆን አይሆን እንደሆነ ጠይቁ።

ዳኛው_ነኝ · ሰኞ ሌሊት

ምን መሽኮርመም ነው? ክሰሱ! መንግሥት እያወቀ ነው ሰውን አመድ ውስጥ የነከረው። ሚሊዮን ነው የሚከፍሉት። ቴሌቪዥን ላይ ማስታወቂያውን አላያችሁም?

ፋይል_ክፍል · ማክሰኞ ጠዋት

ጠበቃ አይደለሁም። አሌክሳንድሪያ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ ወረቀት እያደራጀሁ 11 ዓመት ሆኖኛል፣ ከዚያ ውስጥ ስድስቱ አስቤስቶስ ነው። ዳኛው ይቅርታ፣ ግን ተሳስተሃል። የአባትሽም ፍርሃት መልስ ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ወታደር በአገልግሎት ላይ ሳለ ለደረሰበት ጉዳት የአሜሪካን መንግሥት መክሰስ አይችልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1950 «ፌረስ» በሚባለው መዝገብ ዘግቶታል፣ እስከ ዛሬም ጸንቶ አለ። ስለዚህ አባትሽ ቢፈልጉ እንኳ ባሕር ኃይሉን ሊገትሩት አይችሉም። ይህን ንገሪያቸው፣ ቀለል ይላቸዋል።

የሚከሰሱት ፋብሪካዎቹ ናቸው። ፓምፑን፣ ቫልቩን፣ ቦይለሩን፣ የቧንቧ መጠቅለያውን፣ ጋስኬቱን ሠርተው ለባሕር ኃይሉ የሸጡት። (አዲስ አበባ መካኒኮቹ ጓርኒሲዮን የሚሉት ነው ጋስኬት ማለት።) እነዚህ ኩባንያዎች ለዓመታት «እኛ የሸጥነው ባዶ ብረት ነው፣ አስቤስቶሱን በላዩ የጨመረው ባሕር ኃይሉ ነው» እያሉ ያመልጡ ነበር። በ2019 የሁለት ባሕርተኞች ሚስቶች ይህንኑ ይዘው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ። 6 ለ 3 ረቱ። ዕቃው ያለ አስቤስቶስ የማይሠራ ከሆነ፣ ሠሪውም አደጋውን የሚያውቅበት ምክንያት ካለ፣ ተጠቃሚዎቹ ደግሞ አደጋውን ያውቁታል ብሎ የሚያምንበት ምክንያት ከሌለው፣ ማስጠንቀቅ ነበረበት ተባለ። ይህ በባሕር ላይ ለሠሩ ሰዎች ትልቅ በር ነው።

ከከሰሩት ኩባንያዎች ብዙዎቹ ደግሞ የካሳ ፈንድ አቁመዋል፤ እኛ ትረስት ነው የምንለው። በ2011 የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሲቆጥራቸው 60 ገደማ ነበሩ፣ አንድ ላይ ወደ 37 ቢሊዮን ዶላር ይዘው። ትረስት ክስ አይደለም፣ ማመልከቻ ነው። ዳኛ የለም። ግን «ሚሊዮን» ብላችሁ አትጠብቁ። ቀዳሚውና ከትልልቆቹ አንዱ የሆነው የጆንስ ማንቪል ትረስት ለሜሶቴሊዮማ የተመነው 350 ሺህ ነው፣ ለዓመታት በእጅ ሲሰጥ የኖረው ግን ከዚያ ውስጥ 5 በመቶ ገደማ። ገንዘቡ የሚጠራቀመው ከብዙ ትረስት በትንሽ በትንሹ ነው።

ሦስተኛው ቪኤ ነው። ቪኤ ለብቻው ይሄዳል፣ «ወይስ» የሚባል ነገር የለም። ከኩባንያ ካሳ ብትቀበሉ የቪኤው የአካል ጉዳት ክፍያ አይቀነስም። ሁለቱንም አብራችሁ ጀምሩ።

የታኮማዋ · ማክሰኞ ጠዋት

ሥራ ቦታ ተደብቄ እያነበብኩ ነው። «መንግሥትን መክሰስ አትችልም» ስለው አባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ይኸው፣ እኔም እኮ አልኩ» አለኝ። ቪኤ ላይስ ምን ይጠይቁናል?

ቦይለር_ክፍል_92 · ማክሰኞ ከሰዓት

ታላቅ ወንድሜን አገኘሁ! እኔም ከ1988 እስከ 1996 ነበርኩ። በዚያ ዘመን ባሕር ኃይል ውስጥ ሐበሻ ለማግኘት ፋኖስ ያስፈልግ ነበር።

ሰዎች «አስቤስቶስ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ታሪክ ነው» ይላሉ። መርከብ ግን እንደ መኪና አይቀየርም። ኪቲ ሆክ የሚባለው አውሮፕላን ተሸካሚ በ1961 ሥራ ጀምሮ ያረፈው በ2009 ነው። ሚድዌይ ከ1945 እስከ 1992። በ80ዎቹ የገባን ልጆች በአባቶቻችን ዕድሜ መርከብ ነው የሠራነው። አዲስ አስቤስቶስ አይገባም ይሉ ነበር፤ አሮጌው ግን ቧንቧው ላይ ነበር።

ቪኤ ሦስት ነገር ይፈልጋል። የሐኪም ምርመራ፣ በአገልግሎት ላይ መጋለጣቸውን የሚያሳይ ነገር፣ ሁለቱን የሚያገናኝ የሐኪም አስተያየት። ለሁለተኛው ቪኤ የራሱ ዝርዝር አለው፤ እያንዳንዱ የባሕር ኃይል ሙያ ምን ያህል ለአስቤስቶስ ይጋለጥ እንደነበር ደረጃ ሰጥቶታል። የቢሮ ጸሐፊ ታች ነው። ቦይለር ክፍል ታች አይደለም። ሙያቸው ዲዲ-214 በሚባለው የመሰናበቻ ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ ፈልጊው። ከጠፋ ሴንት ሉዊስ ካለው የሠራተኞች መዝገብ ቤት በቅጽ 180 ይጠየቃል። በ1973 እዚያ የተነሳው እሳት የበላው የምድር ጦርንና የአየር ኃይልን ፋይል ነው፣ የኛ ተርፏል።

ዛሬ ማታ፣ እራት ሳይበላ፣ «የማመልከት ፍላጎት» የሚባለውን አስገቡ። ቅጽ 21-0966። አምስት ደቂቃ ነው። ቀኑን ይይዝላችኋል፣ ሙሉውን ለማሟላት አንድ ዓመት ይሰጣል። ዋናው ማመልከቻ 21-526ኢዜድ ነው። በሽታው ለሞት የሚያሰጋ ስለሆነ ቅድሚያ እንዲሰጣቸው በ20-10207 ጠይቁ። ሜሶቴሊዮማ ሲጸድቅ 100 ከመቶ ነው፤ በ2025 ስሌት ለብቻው ሰው በወር 3,831 ዶላር፣ ከባለቤት ጋር ከዚያ ይበልጣል።

ለዚህ ለማንም አትክፈሉ። አሜሪካን ሊጅን፣ ዲኤቪ፣ ቪኤፍደብሊው በሚባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ውስጥ ፈቃድ ያላቸው ተወካዮች በነፃ ይሞሉላችኋል። የመጀመሪያውን የቪኤ ማመልከቻ ለማዘጋጀት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት።

ጥሩወርቅ_ዲሲ · ማክሰኞ ከሰዓት

በ2022 ለቀድሞ ወታደሮች የወጣው የፓክት አዋጅ ሁሉንም ይሸፍናል ሲሉ ሰምቻለሁ። ያለ ማስረጃ ይሰጣሉ አሉ።

ፋይል_ክፍል · ማክሰኞ ከሰዓት

ሁሉንም አይደለም። አዋጁ በዋናነት ስለ ጦር ሰፈር ቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓዶችና በቬትናም ጦርነት ስለተረጨው ኤጀንት ኦሬንጅ ስለሚባል ኬሚካል ነው። አስቤስቶስ አሁንም ማስረጃ ይጠይቃል። ግን አንድ ነገር ጠይቂልኝ የታኮማዋ፤ ከነሐሴ 1990 በኋላ መርከባቸው ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ገብቶ ነበር? ከሆነ ለተወካዩ ንገሩት። እዚያ ለነበሩ ሰዎች አዋጁ የመተንፈሻ አካላት ካንሰርን ያለ ተጨማሪ ማገናኛ ይቀበላል። ሁለት መንገድ ከአንድ ይሻላል።

ወለተ_ማርያም · ማክሰኞ ማታ

ልጄ፣ ጸበሉንም አትርሱ። ፈረንጅ ተስፋ ሲቆርጥ እግዚአብሔር አይቆርጥም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነርስ · ማክሰኞ ማታ

አሜን እትዬ። ኬሞውን ሳያቋርጡ ይሁን ብቻ። ሳንባቸው ውኃ የያዘ ሰው ብርድ ላይ ቆሞ እንዳይጠመቅ።

የታኮማዋ · ረቡዕ ሌሊት

የፍላጎት ማሳወቂያው ትላንት 9፡40 ማታ ገባ። አመሰግናለሁ 92።

አሁን ዛሬ የሆነውን ልንገራችሁ። አባዬን ቡና አፍልቼ አስቀመጥኩትና «መርከቡን ንገረኝ» አልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ያልጠየቅኩት ጥያቄ ነው። ስልኬ ላይ እየቀዳሁ ሁለት ሰዓት ተኩል አወራ።

የሚተኛበት አልጋ ከተደራረቡት ሦስት አልጋዎች የላይኛው ነበር፣ አፍንጫው ፊት ቧንቧ። ላይ አውሮፕላን በተወነጨፈ ቁጥር መርከቡ ይንቀጠቀጣል፣ ከመጠቅለያው ነጭ አቧራ ብርድ ልብሱ ላይ ይወርዳል። «አራግፈን እንተኛ ነበር» አለ። ዝም ብሎ፣ በረዶ ስለማራገፍ እንደሚያወራ።

መርከቡ ለትልቅ ጥገና ምሥራቅ ጠረፍ ቆሞ ነበር። እሱና አንድ የአላባማ ልጅ ቫልቭ ይፈቱ ነበር። አሮጌው ጋስኬት ብረቱ ላይ ተጋግሮ ስለሚቀር በሽቦ ብሩሽ ይፍቁታል፣ ከዚያ በአየር ቱቦ ይነፉታል። «የስንዴ ወፍጮ ቤት ነበር የሚመስለው። የአላባማው ልጅ ቅንድብ ነጭ ሆኖ አባባ ጃንሆይ እያልኩ እስቅበት ነበር።» አፋቸው ላይ የወረቀት ጭንብል ነበራቸው፣ ሲሞቅ ያወልቁታል።

የፓምፑን ፋብሪካ ስም አስታወሰ። ብረቱ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ቀለም ሳይቀር። እዚህ አልጽፈውም።

ፋይል_ክፍል · ረቡዕ ጠዋት

አትጻፊው፣ ልክ ነሽ። ግን ያ ቅጂ ከሁሉም ይበልጣል። ጠብቂው፣ ሌላ ቦታም አስቀምጪው።

በዚህ ሥራ ያየሁት ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው። ሰዎች መጀመሪያ ጠበቃ ያማርጣሉ፣ ማስታወቂያ ያወዳድራሉ። ባለታሪኩ እስከዚያ ይደክማል። ከዚያ ልጆቹ ይመጡና «መርከቡ ግራጫ ነበር» ይሉናል። መርከቡ ሁሉ ግራጫ ነው! ኩባንያን የሚያስጠይቀው በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ዓመት፣ የማን ዕቃ ፈቱ የሚለው ነው። ይህ ያለው የአባትሽ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። መርከቡ የት እንደነበረ የመርከቡ መዝገብ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ። የአላባማው ልጅ ቅንድብ ግን እዚያ አልተመዘገበም።

ጠበቃ ስትይዙ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «የቃል ምስክርነታቸውን መቼ ነው በቪዲዮ የምትቀዱት?» ይሁን። ቤት መጥተው ሳሎን ውስጥ ያደርጉታል። የተቃራኒ ወገን ጠበቆችም ይኖራሉ፣ ብዙ ናቸው፣ አንዳንዱ በስልክ ነው። አባትሽ ሲደክማቸው እረፍት መጠየቅ ይችላሉ።

ይርጋውን፣ የመክሰሻ ጊዜ ገደቡን ማለቴ ነው፣ ደግሞ አትዘንጉ። እንደ ክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ዋሽንግተን ሦስት ዓመት፣ ሜሪላንድ ሦስት፣ ቨርጂኒያ ሁለት። የሚቆጠረው አቧራውን ከተነፈሱበት ቀን ሳይሆን በሽታው ከታወቀበት ነው፤ እንጂማ ሁሉም አልፎበት ነበር። ክሱ የግድ በምትኖሩበት ግዛት ላይሆንም ይችላል፣ እሱን ጠበቃው ይመርጣል። ክፍያው ከተገኘው ላይ በመቶኛ ነው፣ ከሲሶ እስከ 40። ወጪው ከመቶኛው በፊት ነው በኋላ የሚቀነሰው? ይህን ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ሰው የማይጠይቀው እሱን ነው።

የምጽዋ_ሰው · ረቡዕ ከሰዓት

ልጆች፣ እያነበብኩ ሆዴ ባባ። እኔ 74 ዓመቴ ነው። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ነበርኩ፣ ምጽዋ። «ኢትዮጵያ» የምትባለው መርከባችን ላይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። እሷ አሜሪካ ሠራሽ ነበረች፣ በ1962 ነው ለጃንሆይ የሰጧቸው። የቀድሞ ስሟ ኦርካ። የተሠራችውም እዚሁ ሲያትል አጠገብ፣ ዋሽንግተን ሐይቅ ላይ፣ በጦርነቱ ጊዜ ነው። አሁን የልጄ ቤት ከዚያ ቦታ 15 ደቂቃ ነው። እኔ ቀይ ባሕር ላይ ቧንቧዋን ስጠግን የኖርኩ ሰው እርጅናዬን የመጣሁት እሷ የተወለደችበት ሰፈር ነው። በ1991 ወደ የመን አመለጠች፣ ከዚያ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች አሉ። እኛም ነጭ ነገር እንጠቀልል ነበር። ሳል አለብኝ። ለኛስ የሚሆን ነገር አለ?

ፋይል_ክፍል · ረቡዕ ማታ

ጋሼ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ። እውነቱን ልንገርዎ። ቪኤ የአሜሪካን ጦር ላገለገለ ሰው ብቻ ነው፣ መርከቧ አሜሪካ ሠራሽ መሆኗ አያስገባዎትም። ትረስቶቹና ኩባንያዎቹ ጋር ያለው ጥያቄ ግን የባንዲራ ሳይሆን የዕቃ ነው፤ የማን ዕቃ፣ የት፣ መቼ። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ዝግ ነው አይበሉ። በሽታ ከተገኘ የመጀመሪያው የጠበቃ ምክር ነፃ ነው፣ ይጠይቁ።

ከሁሉ በፊት ግን ይመርመሩ። ሐኪምዎ ጋ «ሳል አለብኝ» ብቻ አይበሉ። «ስድስት ዓመት አሮጌ የጦር መርከብ ላይ የቧንቧ መጠቅለያ ነክቻለሁ» ይበሉ። ሲጋራ ያጨሱ ከነበረም ይንገሩ፤ አስቤስቶስና ሲጋራ ሲገናኙ የሳንባ ካንሰር አደጋው ይባዛል።

ቦይለር_ክፍል_92 · ረቡዕ ማታ

ጋሼ፣ ከሰፈሩ ሰው ጋር ለመጠየቅ እንመጣለን። እኔ የምኖረው እዚሁ ሲያትል አጠገብ፣ ኬንት ነው። የቀይ ባሕሩን ወሬ ቡና ይዘን እንሰማለን።

እናት_ኖርፎክ · ሐሙስ ጠዋት

እኔ የመጣሁት ለማስጠንቀቅ ነው። ባለቤቴ ከዚሁ በሽታ ነው ያረፈው። የመርከብ መካኒክ ነበር። እኛ ሐዘኑ፣ አርባው፣ ተዝካሩ ስንል ዓመቱ አለፈ። የጀመረውን የቪኤ ማመልከቻ እኔ ተክቼው እንድቀጥል የሚፈቀደው ከሞተ በአንድ ዓመት ውስጥ ነበር። አላወቅኩም። ለሚስት የሚሰጠውን ወርኃዊ ክፍያ ኋላ አመልክቼ አገኘሁ፣ በ2025 ስሌት 1,653 ዶላር ነው። ያመለጠኝ ዓመት ግን አልተመለሰም። የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ የተቀበረ ዕለት የረዱን የዕድር ሰዎችም አያውቁም። በዕድራችሁ ስብሰባ ላይ ይህን አንብቡልኝ።

ሌላም አለ። የሥራ ልብሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ደጃፍ ላይ አራግፌ ነው ማሽን ውስጥ የምከተው። ለሐኪሜ ነገርኳት፣ በየዓመቱ ታየኛለች። የታኮማዋ፣ እናትሽም ያን ጊዜ ከእሱ ጋር ነበረች?

የታኮማዋ · ሐሙስ ማታ

እግዚአብሔር ያጽናሽ። እማዬና አባዬ በ1990 ነው የተጋቡት። አዎ፣ ታጥብ ነበር። ቀጠሮ ይዤላታለሁ።

ዳኛው_ነኝ · ሐሙስ ማታ

እሺ፣ መንግሥትን መክሰስ አይቻልም። ተምሬያለሁ። ግን ማወቅ ያውቁ ነበር።

ቦይለር_ክፍል_92 · ሐሙስ ማታ

ከነሱ አንዱ ራሱ በዚሁ በሽታ ሞቷል ወንድሜ። አድሚራል ዙምዋልት፣ ከ1970 እስከ 74 የባሕር ኃይሉ የበላይ አዛዥ የነበረው፣ በጥር 2000 ያረፈው በሜሶቴሊዮማ ነው። የታኮማዋ፣ ይህን ለአባትሽ ንገሪያቸው። እኔ ለራሴ ሳስብ የሚያጽናናኝ ነገር ነው፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የታኮማዋ · እሑድ ማታ

ስለ ዙምዋልት ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። «ትልቁም ትንሹም አንድ አየር ነው የተነፈስነው» አለ።

ከዚያ ጠበቃዋ መጣች፣ ዓርብ። ሁለት ሰዓት ቆየች። አባዬ ሸሚዝ ለብሶ፣ ተላጭቶ ጠበቃት። መጀመሪያ የጠየቃት «የምትከሺው ባሕር ኃይሉን ነው?» የሚል ነው። «አይደለም፣ ፓምፑን የሠሩትን» አለችው። «አውቀው ከሆነ ያልነገሩን ይመልሱ» አለና ፈረመ። የቪዲዮው ምስክርነት በሚቀጥለው ሳምንት ሳሎን ውስጥ ነው። እማዬ ጠበቆቹ 12 ይሆናሉ ሲሏት ለ12 ሰው እንጀራ ልትጋግር ተነሳች። አብዛኞቹ በስልክ ናቸው ብለን አስቆምናት።

ፋርስ ባሕረ ሰላጤም ነበር፣ በ1990 መጨረሻ። ለሊጅኑ ተወካይ ሰጥቼዋለሁ።

የቀረን የአላባማውን ልጅ ማግኘት ነው። ጠበቃዋ የሥራ ባልደረባ ምስክርነት ቢገኝ ትልቅ ነው ብላለች። አባዬ የሚያስታውሰው በቅጽል ስሙ ብቻ ነው። 92፣ የመርከቡ ሰዎች የሚገናኙበት ማኅበር ታውቃለህ?

ቦይለር_ክፍል_92 · እሑድ ማታ

በየመርከቡ አለ፣ በየዓመቱም ይሰበሰባሉ። የመርከቡን ስም በውስጥ መስመር ላኪልኝ። የሰውየው ቅንድብ ምን ዓይነት እንደነበር ግን አትጻፊልኝ፣ በሳቅ እሞታለሁ።

የታኮማዋ · እሑድ ማታ

ልኬልሃለሁ። ቆይ፣ አባዬ ይጠራኛል። የቫልቭ ስም ትዝ አለው መሰለኝ፣ ደብተሩን ላምጣ።